ከቁጥሩ በፊት ታሳቢው፦ የግንባታ ዕቃዎችን መጠን በኤክሴል ቀመር ስለ መገመት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ተራ ስለሚመስል ሥራ ነው፤ ለአንድ ቤት ስንት ብሎኬት፣ ስንት ሲሚንቶ፣ ስንት ቤርጋ ብረትና ስንት ቆርቆሮ እንደሚያስፈልግ በኤክሴል ሠንጠረዥ ስለ መገመት። ከማስረዳቴ በፊት ልደርስበት የምፈልገውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀምጥ። ሠንጠረዡ የሚሰጠን ትልቁ ጥቅም የመጨረሻው ቁጥር አይደለም፤ ቁጥሩ የቆመባቸው ታሳቢዎች ለባለቤቱም፣ ለግንበኛውም፣ ለመሐንዲሱም በግልጽ እንዲታዩና እንዲመረመሩ ማድረጉ ነው። ታሳቢው የተደበቀበት ሠንጠረዥ በኮምፒውተር ቢሠራም ከግምት አይሻልም፤ እንዲያውም እርግጠኛ ስለሚመስል ይብሳል።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል

በወልቂጤና በቡታጅራ ብዙ መኖሪያ ቤት የሚሠራው በትልቅ ሥራ ተቋራጭ አይደለም። የቤተሰቡ አባላት፣ አንድ ግንበኛ፣ አንድ አናጢ፣ ብዙ ጊዜም አዲስ አበባ ነግዶ ወይም ተቀጥሮ ገንዘብ የሚልክ ዘመድ ተባብረው የሚያቆሙት ነው። ለመስቀል ወይም ለአረፋ ዘመድ ሁሉ ወደ አገር ቤት ሲሰበሰብ የቤቱ ነገር ይነሣል፤ «ስንት ብሎኬት ይፈጃል? ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃል?» ተብሎ ግንበኛው ይጠየቃል። በዚያች ሰዓት የሚሰጠው መልስ የዕቁብና የቁጠባ ገንዘብ እስከ የት እንደሚያደርስ ይወስናል።

መልሱ ካነሰ ግድግዳው ሳይከደን ክረምት ይገባል። ከበዛ ደግሞ የተረፈው ሲሚንቶ እርጥበት ስቦ በከረጢቱ ውስጥ ይጠጥራል። ከሁለቱም የሚከፋ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ሲሚንቶው ማነሱ በሥራው መካከል ሲታወቅ ውህዱን ማሳሳት። ይህ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ በጣሪያው ሥር የሚተኙ ሰዎች የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ የመጠን ግምት የክፍል ውስጥ መልመጃ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

ግምት አዲስ ጥበብ አይደለም

መገመትን ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ጥበብ አድርገን እንዳናይ አንድ ነገር ላስታውስ። በጀፎረ ዳርና ዳር የተሰለፉትን ክብ የጉራጌ ቤቶች ያቆሙ ባለሙያዎች ምሰሶውን ከመትከላቸው በፊት ስንት ማገር፣ ስንት ሸክም ሣር እንደሚያስፈልግ ያውቁ ነበር። ያንን ዕውቀት በቀመር እንጻፈው ብንል፣ የሾጣጣ ክዳን ስፋት ማለት ክዳኑ ከላይ ሲታይ የሚሸፍነው የመሬት ስፋት በተዳፋቱ ማዕዘን ኮሳይን ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከሥሩ 8 ሜትር ስፋት ያለው ክዳን 50.3 ካሬ ሜትር መሬት ይሸፍናል፤ ተዳፋቱ 45 ዲግሪ ከሆነ የሚከደነው ስፋት 71.1 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ቀመር ለአራት ማዕዘኑ የቆርቆሮ ክዳንም ስለሚሠራ ኋላ እንመለስበታለን።

የኤሌክትሮኒክ ሠንጠረዥ ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክን ለገበያ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ሎተስ 1-2-3 በ1983፣ ኤክሴል ደግሞ በ1985 ተከተሉ። የፈጠራው ፍሬ ነገር መደመርና ማባዛት አልነበረም፤ ያንን ካልኩሌተር ይሠራዋል። አዲሱ ነገር አንዱን ሴል ስትለውጡ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ሁሉ ዐብሮ መለወጡ ነው። እንግዲህ ሠንጠረዥ የሚጠቅመው የሚለወጠው ነገር የራሱ ሴል ሲኖረው ብቻ ነው።

ለምሳሌ የሚሆነንን ቤት እንውሰድ። በውጭ በኩል ሲለካ 10 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ፣ ባለ አንድ ወለል፣ ግድግዳው በባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት የሚሠራ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ቤት ነው እንበል። የኤክሴል ተግባራት በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቢሆኑም እኔ ዛሬ በድምፃቸው እጠራቸዋለሁ።

ብሎኬት፦ ሦስት ትክክል የሚመስሉ ቁጥሮች

የውጭ ግድግዳውን ርዝመት የምንለካው በግድግዳው መሐል መስመር ነው። 9.8 ሲደመር 7.8፣ በሁለት ሲባዛ 35.2 ሜትር ይሆናል። በውጭ ጠርዝ የለካ ተማሪ 36 ሜትር ያገኛል፤ አራቱን ማዕዘኖች ሁለት ጊዜ ቈጥሯቸዋል ማለት ነው። የውስጥ ግድግዳዎች 17 ሜትር ቢሆኑ ጠቅላላው 52.2 ሜትር ነው፤ በ3 ሜትር ቁመት ሲባዛ 156.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ ስፋታቸው 0.9 በ2.1 የሆኑ 5 በሮችና 1.5 በ1.2 የሆኑ 6 መስኮቶች፣ በድምሩ 20.25 ካሬ ሜትር ይቀነሳል። የተጣራው ግድግዳ 136.35 ካሬ ሜትር ነው።

እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው «ለአንድ ካሬ ሜትር ስንት ብሎኬት?» ሲባል ነው። የብሎኬቱ ፊት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው ብሎ የተነሣ 12.5 ያገኛል። በብሎኬቶቹ መካከል 1 ሳንቲ ሜትር የሞርታር መጋጠሚያ አለ ብሎ የሚያስብ ደግሞ 1ን ለ0.41 በ0.21 ብዜት አካፍሎ 11.61 ያገኛል። ግንበኛው ግን «በካሬ 13» ይላል።

የትኛው ነው ልክ? በሁሉም ላይ 5 በመቶ ብክነት ብንጨምር የመጀመሪያው 1,790፣ ሁለተኛው 1,663፣ ሦስተኛው 1,862 ብሎኬት ይሰጠናል። በትንሹና በትልቁ መካከል 199 ብሎኬት አለ። ልዩነቱ የመጣው ከሒሳብ ስሕተት አይደለም። ብሎኬቱ በእርግጥ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 11.61 ትክክል ነው፤ ቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያውን አስቦ ብሎኬቱን 39 በ19 አድርጎ የሚያወጣ ከሆነ 12.5 ትክክል ነው። ይህን የሚወስነው መጽሐፍ አይደለም፤ ብሎኬቱ የሚገዛበት ግቢ ሄዶ በሜትር መለካት ነው። የግንበኛው 13ም ድንቁርና አይደለም። በልምድ የሚሰበረውንና የሚቈረጠውን አስቀድሞ ያካተተ ቁጥር ነው። የሚሳሳተው 13ን ወስዶ በላዩ ላይ እንደገና 5 በመቶ የሚጨምረው ባለ ዲግሪ ነው፤ አንዱን ብክነት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ስለዚህ በሠንጠረዡ ውስጥ 13 የሚል ቁጥር በቀመሩ ሆድ ውስጥ አይቀበር። የብሎኬቱ ርዝመት በአንድ ሴል፣ ቁመቱ በሌላ ሴል፣ የመጋጠሚያው ውፍረት በሌላ፣ ብክነቱም በሌላ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ግንበኛው «ይህ ብሎኬት ጥራት የለውም፣ 10 በመቶ ይሰበራል» ቢል የምትነኩት አንዷን ሴል ብቻ ነው፤ ክርክሩም ስለ ቁጥሩ መሆኑ ቀርቶ ስለ ብሎኬቱ ጥራት ይሆናል።

ሲሚንቶ፦ ኩንታል፣ ከረጢትና ሳጥን

የወለሉ ኮንክሪት 7 ሜትር ኩብ ነው እንበል። ለሲ-25 ኮንክሪት በአገራችን የተለመደው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ነው። ለ7 ሜትር ኩብ 2,520 ኪሎ ግራም ይሆናል። እዚህ ላይ የአሃድ አምድ የሌለው ሠንጠረዥ አደጋ ያመጣል። ሲሚንቶ በገበያ ዋጋው የሚነገረው በኩንታል ነው፤ የሚጫነው ግን ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው። ሥራው 25.2 ኩንታል ወይም 51 ከረጢት ይፈልጋል። «26» ብቻ ተጽፎ የተላከ መልእክት በከረጢት ከተነበበ የተገዛው ሲሚንቶ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል።

ይኸው መጠን በሌላ መንገድ ሊመረመር ይችላል። ውህዱ 1 ለ2 ለ3 ነው ካልን ድምሩ 6 ነው። ደረቅ አሸዋና ጠጠር በመካከላቸው ባዶ ቦታ ስላለ፣ ሲቦኩም ደቃቁ የሸካራውን ክፍተት ስለሚሞላ፣ 1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለማግኘት ወደ 1.54 ሜትር ኩብ ደረቅ ዕቃ እንደሚያስፈልግ ይታሰባል። 1.54 ለ6 ሲካፈል፣ በ1,400 ኪሎ ግራም የሲሚንቶ ክብደት ሲባዛ 359 ይሆናል። ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። ባይገናኙ ኖሮ አንዱ ታሳቢ እንደተሳሳተ እናውቅ ነበር። በዚሁ መንገድ ለ7 ሜትር ኩብ 3.59 ሜትር ኩብ አሸዋና 5.39 ሜትር ኩብ ጠጠር ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ 1.54 የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ በጠጠሩና በአሸዋው ዓይነት ይለወጣል። ቡታጅራ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች በተሰለፉበት ቀበቶ ላይ ያለች ከተማ ናት። በተለምዶ ሬድ አሽ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ድንጋይ ከተሰበረ ጠንካራ ድንጋይ ይቀላል፤ አስቀድሞ ካልራሰም የውህዱን ውኃ ይጠጣል። ለተለመደው ጠጠር የተዘጋጀን ሠንጠረዥ ለዚህ ዕቃ እንዳለ መጠቀም አይቻልም። አሸዋም እንዲሁ ነው፤ በመጠኑ የረጠበ ደቃቅ አሸዋ እህሎቹ በውኃው ተለያይተው ስለሚቆሙ በመጠኑ ይነፋል። ነፋቱ 20 በመቶ ቢሆን 3.59 የነበረው 4.31 ሜትር ኩብ ይሆናል። አሸዋ በቢያጆ በሚሸጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «አንድ ቢያጆ» የሚለውም ቃል ራሱ ታሳቢ ነው፤ የመኪናው ሳጥን ርዝመት፣ ስፋትና የአሸዋው ከፍታ ተለክቶ በሴል ይግባ።

ሌላው የሠንጠረዡ ዕጣ የሚወሰነው በአናጢው እጅ ነው። ውሁድ የሚለካበት የእንጨት ሳጥን 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 0.036 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ይህም የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይዘት ያህል ነው። አናጢው ቁመቱን 20 አድርጎ ከሠራው 0.040 ይይዛል። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ 11 በመቶ ትርፍ አሸዋና ጠጠር ገባ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲ-25 ነው፤ በወለሉ ላይ ግን አይደለም። ስለዚህ የሳጥኑም ልኬት በታሳቢዎች ገጽ ላይ ይጻፍ፣ ታትሞም ለአናጢው ይሰጥ።

ብረት፦ ሒሳቡ የማያየው መቀስ

የብረትን ክብደት ማግኘት ቀላል ነው፤ የዲያሜትሩን ካሬ በሚሊ ሜትር ወስዶ ለ162 ማካፈል በአንድ ሜትር ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይሰጣል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረት በሜትር 0.889 ኪሎ ግራም ነው። አስቸጋሪው ቁጥሩ ነው፤ ብረት የሚገዛው 12 ሜትር በሆነ ቤርጋ ነውና።

12 ኮለኖች አሉን፣ እያንዳንዳቸው 4 ባለ 12 ብረት ይፈልጋሉ፣ የእያንዳንዱ ብረት ርዝመት 4.2 ሜትር ነው እንበል። 48 ቁራጭ በ4.2 ሲባዛ 201.6 ሜትር ነው። ለ12 ቢካፈል 16.8፣ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 17 ቤርጋ ይሆናል። ቀመሩ ልክ ነው፣ መልሱ ግን ስሕተት ነው። ከአንድ ቤርጋ ባለ 4.2 ሜትር ቁራጭ የሚወጣው ሁለት ብቻ ነው፤ 3.6 ሜትር ይተርፋል። ትክክለኛው አጻጻፍ፦

=ራውንድአፕ(48/ኢንት(12/4.2)፣ 0)

መልሱ 24 ቤርጋ ነው። 7 ቤርጋ ልዩነት፣ በክብደት ወደ 75 ኪሎ ግራም ማለት ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ የቁራጩ ርዝመት 4 ሜትር ቢሆን ከአንዱ ቤርጋ ሦስት ይወጣና 16 ቤርጋ ይበቃል። 20 ሳንቲ ሜትር 8 ቤርጋ አተረፈ። ታዲያ የመደራረቢያ ርዝመት የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ይህን መቀነስ የሚችለው መሐንዲሱ ብቻ ነው፤ ግንበኛውም ሆነ ገንዘብ ከፋዩ አይደለም። የሠንጠረዡ ድርሻ ጥያቄው መጠየቅ እንዳለበት ማሳየት ነው። የተረፈው 3.6 ሜትር የት እንደሚውልም አስቀድሞ ይታቀድ።

ክዳን፦ የሚጮኽ ስሕተትና የሚያንሾካሹክ ስሕተት

ክዳኑ በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ካለ የሚሸፍነው መሬት 11.2 በ9.2፣ ማለትም 103.04 ካሬ ሜትር ነው። ተዳፋቱ በሁሉም ወገን አንድ እስከሆነ ድረስ ሁለት ፊትም ሆነ አራት ፊት ቢሆን ስፋቱ ያው ነው፤ እንደ ጎጆው ሁሉ ለኮሳይን ይካፈላል። የሚለያዩት በቆረጣ ብክነትና በጫፍ መክደኛው ርዝመት ነው።

እዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት በተማሪዎች ሥራ ውስጥ ያየሁትን ላንሣ። ኤክሴል ማዕዘንን የሚረዳው በራዲያን እንጂ በዲግሪ አይደለም። ትክክለኛው አጻጻፍ፦

=103.04/ኮስ(ራዲያንስ(20))

ሲሆን መልሱ 109.65 ካሬ ሜትር ነው። ራዲያንስ የሚለውን ረስቶ ኮስ(20) ብሎ የጻፈ ተማሪ 252.5 ያገኛል። ይህ ስሕተት ይጮኻል፤ የቤቱን እጥፍ የሚበልጥ ክዳን ማንም አይቀበልም። ነገር ግን ተዳፋቱን 25 ዲግሪ እናድርገው። ትክክለኛው መልስ 113.69 ነው፤ የተሳሳተው ቀመር 103.95 ይሰጣል። ይህ አይጮኽም። ከመሬቱ ስፋት በጥቂቱ የሚበልጥ፣ ልከኛ የሚመስል ቁጥር ነው። ወደ 10 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ክዳን ግን ጎድሏል፤ ጉድለቱም የሚታወቀው አናጢው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮው ሲያልቅበት ነው።

በዚህ ላይ ቆርቆሮ ሲከደን ይደራረባል። የአንዱ ቆርቆሮ ሙሉ ስፋት 0.9 በ2 ሜትር፣ ከመደራረብ በኋላ የሚሸፍነው ግን 0.75 በ1.85 ቢሆን፣ በመጀመሪያው 64፣ በሁለተኛው 82 ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ መለካት ያለበት የቆርቆሮው ስፋት ሳይሆን የሚሸፍነው ስፋት ነው።

ስሕተት ማንን ይመለከታል

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለጀማሪ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ ዝነኛ የምጣኔ ሀብት ጥናት የሆነውን ያስታውስ። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ ስለ መንግሥታት ዕዳና ዕድገት በጻፉት ጥናት፣ አማካዩ ከረድፍ 30 እስከ 49 መውሰድ ሲገባው እስከ 44 ብቻ ወስዶ ነበር። አምስት አገሮች ከስሌቱ ውጭ ቀሩ። በ2013 ይህን ከሌሎች ነጥቦች ጋር ያወጣው ቶማስ ኸርንደን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ስሕተቱ ብቻውን የጥናቱን ውጤት ባይገለብጠውም፣ ሊገኝ የቻለው ሠንጠረዡ ለሌላ ዐይን ስለተገለጠ መሆኑን ልብ በሉ። በእኛም ሥራ ከድምሩ በታች አዲስ ረድፍ ተጨምሮ የድምሩ ቀመር ሳይሰፋ መቅረቱ የየዕለት አደጋ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምመክረው አሠራር አጭር ነው። ታሳቢዎች በሙሉ በአንድ ገጽ ይሰብሰቡ፤ ሰው የሚሞላቸው ሴሎች በአንድ ቀለም፣ ቀመር ያለባቸው በሌላ ቀለም ይሁኑ። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ አሃዱ ይጻፍ። ማጠጋጋት የሚደረገው በመጨረሻው የግዢ ረድፍ ላይ ብቻ ይሁን፤ በየመንገዱ የሚያጠጋጋ ሰው ብክነትን ሳያውቀው ይደራርባል። እያንዳንዱ ትልቅ መጠን በሁለተኛ መንገድ ይመርመር። በመጨረሻም የታሳቢዎቹ ገጽ ታትሞ ግንበኛው ባለበት ይነበብ፤ ፊርማው ከመሐንዲሱ ፊርማ ጎን ይስፈር።

የጎደለን አምድ

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ አምድ ይጎድለናል። በየሠንጠረዦቻችን «የተገመተ» የሚል አምድ አለ፤ «በእርግጥ የዋለ» የሚል ግን እምብዛም የለም። የብክነት መቶኛዎቻችን፣ 1.54ን ጨምሮ፣ ከመማሪያ መጻሕፍት የወረስናቸው ናቸው። የወልቂጤ ብሎኬት ሲጫንና ሲወርድ ስንቱ ይሰበራል? በሬድ አሽ የተሠራ የቡታጅራ ኮንክሪት ስንት ሲሚንቶ ይፈልጋል? መልሱ ያለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳይሆን አሁን በሚሠሩት ቤቶች ግቢ ውስጥ ነው፤ ማንም ስለማይመዘግበው ግን ቤቱ ሲያልቅ ይጠፋል።

ለተመራቂ ተማሪዎቻችን የማቀርበው ጥሪ ይህ ነው። እያንዳንዳችሁ በምትውሉበት የተግባር ልምምድ ቦታ አንድ ቤት ያዙ። ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ የተገመተውንና የዋለውን ጎን ለጎን መዝግቡ፤ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ሲበልጥ ምክንያቱን ከግንበኛው ጠይቃችሁ በእርሱ ቃል ጻፉ። ለመምህራን ባልደረቦቼም የማቀርበው ጥያቄ እነዚህ መዝገቦች ከተማሪው ማስታወሻ ጋር እንዳይጠፉ በፋኩልቲው በአንድ ቦታ እንዲጠራቀሙ ነው። ሃምሳ ቤት ቢመዘገብ የራሳችን መነሻ ቁጥር ይኖረናል፤ ያን ጊዜ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ተሰብስቦ «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ለሚጠይቅ ቤተሰብ የምንሰጠው መልስ ከሌላ አገር መጽሐፍ የተቀዳ መሆኑ ይቀርና በዚሁ አገር አፈር ላይ የተለካ ይሆናል።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን፣ በተለይም ከግንበኞችና ከፎርማኖች የሚቀርበውን፣ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።